ከዓይኗ በላይ፦ የአንዲት የድሬዳዋ ልጅ ሰባት ሥዕሎች

ሥዕሉ እንዲህ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ልክ ወረቀቱ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ከዓይኖቹ በላይ ሰፊ ግንባር፣ ከግንባሩ በላይ ወደ ኋላ የታሰረ ቡናማ ሻሽ። አፍንጫ የለም፣ አፍ የለም፣ አገጭ የለም፤ ፊቱን ወረቀቱ ቆርጦታል። ከሻሹ በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ባዶ ነው፤ በባዶው መካከል አራት ክንፍ ያለው ነገር ተንጠልጥሏል። በግራ ጥግ የሠዓሊዋ ስም በእርሳስ ተጽፏል፤ እኔ እዚህ አልደግመውም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ቅዳሜዎች ይህንኑ ሥዕል ሰባት ጊዜ ሣለችው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ሥዕል የማስተምር ሰው ነኝ። ክፍላችን ድሬዳዋ ለገሀሬ አካባቢ የተከራየናት አንዲት ሰፊ ክፍል ናት። የምንጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሰም ቀለሙ ራሱ ጣት ላይ ይቀልጣል። በዚያ ዓመት አሥራ አራት ልጆች ነበሩን። የአምስቱ እናቶች አረብ አገር ናቸው። ልጆቹ ይህን የሚናገሩት «ገበያ ሄዳለች» እንደሚባለው ዓይነት ነው፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም።

የልጅቷ እናት የሄደችው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ልጅቷ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። መንግሥት ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መጓዝን አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል መሄድ ለፈለገች ሴት የቀረው መንገድ ደላላ ነበር። እናትየዋም በደላላ ሄደች፣ ሳዑዲ ገባች፣ ከመጀመሪያው ቤት ወጥታ ሌላ ቤት ተቀጠረች። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ግን የላትም። ኢቃማ የሌላት ሠራተኛ ለዕረፍት ወደ አገሯ ልምጣ ብትል መመለሻዋን አጣች ማለት ነው፤ ስለዚህ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። ገንዘብ ትልካለች። የአባትየው ነገር አጭር ነው፤ የለም።

ልጅቷን የምታሳድጋት አያቷ ናት። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች፤ ባሏ በሕይወት ሳሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቷ «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። እናቷን የምትጠራት በስሟ ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ክፉኛ ደነገጥኩ። በዚያው ሰሞን ስለ እንግሊዛዊው ሐኪም ስለ ጆን ቦልቢ አንብቤ ነበር። ከእናቱ የተለየ ሕፃን መጀመሪያ ይቃወማል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ራሱን ይነጥላል ይላሉ። እንግዲህ ይህች ልጅ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። እኔ ራሴ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ማደጌ ትዝ ያለኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የምኖረው ከአያቴ ጋር ነበር፤ አክስቶቼ የሚጠሩበትን ስም ይዤ አደግኩ፤ በቃ። ያቺን መስመር ሰረዝኳት።

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ፍርሃቶች

ክፍሉን የምንመራው ሦስት ነን። ሥዕሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተመካከርንበት።

ከእኛ በዕድሜ የምትበልጠው መምህርት አንድ ጊዜ አየችውና «ውኃ ነው» አለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታና ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሷ እዚያው ዳር ትኖር ነበር። ውኃ እስከ ዓይኗ የደረሰባት ሴት ለእሷ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? ልጅቷ በዚያን ጊዜ አልተወለደችም ስንላት፣ «ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምታ ይሆናል» አለች። ሊሆን ይችላል፤ በድሬዳዋ ያልተወራበት ቤት የለም።

ሁለተኛው ባልደረባችን ዓይኑን የጣለው ባዶው ላይ በተንጠለጠለው ነገር ላይ ነው። ሄሊኮፕተር ነው አለ። በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ መስቀል ነው፣ ሞት ነው አለ።

እኔ ያየሁት የጎደለውን አፍ ነው። ጥፋተኛ ሆኖ ላለመታየት ብሎ መጽሐፍ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋምና፣ እኔም ጠቀስኩ። እ.ኤ.አ. በ1926 ፍሎረንስ ጉዲናፍ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ልጆች ሰው እንዲሥሉ እያደረጉ፣ የሣሉትን የአካል ክፍልና ዝርዝር በነጥብ በመቁጠር የአእምሮ ዕድገታቸውን የሚለኩበት ዘዴ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ኤሊዛቤት ኮፒትዝ በልጆች ሥዕል ውስጥ የስሜት ችግርን ያመለክታሉ ያሏቸውን ነገሮች ዘረዘሩ፤ የአፍ መጉደል ከዝርዝሩ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ዝርዝር አጥብቀው ተችተዋል፤ ይህንንም አንብቤያለሁ። ግን ሰው የሚይዘው የሚፈልገውን ነው። «ልጅቷ መናገር ያልቻለችው ነገር አለ» አልኩ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስታችንም ልጅቷን አልጠየቅናትም። ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ አራት እርምጃ አትርቅም።

ሌላም የተሳሳትንበት ነገር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቅልፍ ይጥላት ነበር፤ ክንዷ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ስንፍና ነው የሚል ሰው ነበር፤ የምግብ ጉዳይ ነው የሚልም ነበር። ዳቦና ሻይ ጀመርን። ሌሎቹ ልጆች በጣም ደስ አላቸው፤ እሷ ዳቦዋን በልታ ተኛች።

የተቀጠለው ወረቀት

ስድስተኛው ሥዕል ሲመጣ ትዕግሥቴ አለቀ። በደግነት ነው ያለቀው፤ ቢሆንም አለቀ። ሌላ ባዶ ወረቀት አምጥቼ ከሥዕሏ ግርጌ በማጣበቂያ ቀጠልኩላትና «የቀረውን እዚህ ላይ ጨርሺው፤ አፍንጫዋን፣ አፏን» አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ቀለም አነሣች፣ አስቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳትሥል ተቀመጠች። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኔ በልቤ «ይኸው፣ እየከፈተች ነው» እል ነበር። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ የአንድ የፀጉር ቅባት ነጋዴ ያደለው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ላዩ ላይ ጥርሷ የሚያበራ ሴት አለች። ልጅቷ እያየች ገለበጠች፤ ቀጭን አፍንጫ፣ ቀይ ከንፈር፣ የጥርስ ረድፍ። ከላይ የእናቷ ዓይን፣ ከታች የቅባት ማስታወቂያ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እጇ ጥሩ ነው። በጉዲናፍ ነጥብ ብንቆጥርላት ከወትሮው የበለጠ ታገኝ ነበር።

እኔ አጨበጨብኩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አጨበጨብኩ፣ ልጆቹም ተከትለው አጨበጨቡ። እሷ የታችኛውን ወረቀት ወደ ኋላ አጠፈችው። አያቷ ልትወስዳት ስትመጣ ሥዕሉን ይዛ አልሄደችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም።

ስልኩ

ቤታቸው ከደቻቱ ማዶ ነው። ባጃጅ እስከ ጠባቡ መንገድ አፍ አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አያትየዋ ከገበያ ተመልሳ ሽንኩርት ትለቅም ነበር። «ና ልጄ፣ ግባ» አለችኝ፤ በርጩማ ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ዝም አለች። ያንን ዝምታ የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል፤ ጥፋትህን አንተ ራስህ ተናገር ማለት ነው።

ከመስኮቱ ብረት ላይ ስልክ በፌስታል ታስሮ ተንጠልጥሏል። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። አያትየዋ ወደ እሱ እንዳየሁ ተመልክታ፣ «ጥሪው አርብ ሌሊት ነው» አለችኝ። «መዳሟ ስትተኛ፣ አምስትም ስድስትም ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይቺ ታዲያ አልተኛም ትላለች፤ ብትቆጣትም አትሰማ። ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመጣ የባቡሩ ፊሽካ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ ወጡን ለመጣድ ጊዜ አለኝ። ይኼኛው ግን ሳይታሰብ ይጮኻል።»

የቅዳሜው እንቅልፍ ይህ ነበር። ሪያድና ድሬዳዋ በአንድ ሰዓት ነው የሚኖሩት፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህም እኩለ ሌሊት ነው። አርብ ሌሊት የሚጠብቅ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ይተኛል።

(ይህች ከተማ ራሷ የመጠበቅ ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ባሏን፣ አባቷን፣ ዕቃዋን ከባቡር የምትጠብቅ ሴት ያልነበረባት ሰፈር አልነበረም። አሁን አሮጌው ጣቢያ ጸጥ ብሏል፤ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጭ ነው።)

ከሦስት ወር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጅቷን ጠየቅኳት። ሥዕሉን ይዤ ሄጄ ነበር፤ የታችኛውን ወረቀት ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ። «እናትሽን እዚህ ላይ የሣልሻት የት ሆነሽ እያየሻት ነው?» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ተነሥታ ስልኩን ከፌስታሉ አወጣች። ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችና ከፈተችው፤ ከዚያ የስልኩን የታችኛውን ጫፍ ከንፈሯ ላይ ልትነካው እስክትደርስ አስጠግታ በሹክሹክታ «ሃሎ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል እኔ እንዳየው ወደ ጎን አለች። በጎኗ ሆኜ መስታወቱን አየሁ። በመስታወቱ ላይ ያለው ሁለት ዓይን፣ ግንባር፣ የፀጉሯ ሥር፣ ከዚያ በላይ የጣራው ቆርቆሮ ነው። አፍ የለም። አፏ ያለው ታች፣ ድምፅ መቀበያው ላይ ነው።

«መዳሟ እንዳትሰማ ነው» አለች ልጅቷ። «በጣም ቀስ ብላ ነው የምታወራው።»

አራት ክንፍ ያለውንም ነገር ጠየቅኳት። «ቬንትሌተር ነዋ!» አለች፤ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል ዓይን። «የእኛ ቤቱ መሬት ላይ የሚቆም ነው፤ የእሷ ጣራ ላይ ነው። ሲዞር ከኋላዋ አየዋለሁ።»

የጎደለ አፍ አልነበረም። ልጅቷ የሣለችው ስድስት ዓመት ሙሉ ያየችውን እናት ነው፣ ሚሊሜትር ሳታጓድል። በሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪን «የምታውቀውን ሳይሆን የምታየውን ሣል» እያሉ ዓመታት ይፈጃሉ፤ እሷ ማንም ሳያስተምራት አድርጋዋለች። እኔ ነኝ የማታየውን ጨምሪ ያልኳት። የማታየውን እናት ከየት ታምጣ? ከቀን መቁጠሪያ አመጣች።

ስለ መደጋገሙም ያኔ ነው የተረጋጋሁት። ኖርዌጂያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1868 ነው። በ1877 እህቱ ሶፊ በዚያው በሽታ ሞተች። አልጋ ላይ የተቀመጠችውን የታመመች ልጅ መጀመሪያ የሣላት በ1885 እና 1886 መካከል ነው። ከዚያ ደግሞ ሣላት፤ ደግሞም ሣላት። በ40 ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ በዘይት ቀለም ሠርቷታል፤ ያቺው አልጋ፣ ያው ትራስ፣ አጠገቧ አንገቷን የደፋችው ያቺው ሴት። «ሌላ ነገር ሣል» ያለው ሰው ቢኖር ምን ብሎ እንደሚመልስለት ማወቅ እፈልግ ነበር። ሙንክ የሚሥለው የማትመለስ እህቱን ነው። የእኛዋ ልጅ ግን የምትሥለው በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር ነው፤ አርብ ሌሊት ታየዋለች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይጠፋባት ታሰፍረዋለች። ሰባቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ልዩነታቸው ታየኝ። በአንዱ ሻሹ አረንጓዴ ነው፤ በሌላው ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ በአምስተኛው ከቅንድቧ በላይ ትንሽ ቀይ ጭረት አለ። ስለ ጭረቷ አያትየዋን ስጠይቃት ወደ ሽንኩርቷ ዞር አለች። አልገፋሁበትም።

ስያሜው

ሚያዝያ ላይ የልጆቹን ሥራ በአንድ አዳራሽ ለሁለት ቀን አሳየን። ልጆቹ ስማቸውን በሥዕላቸው ላይ የሚጽፉበት ልማድ አለን፤ ልማዱን የወሰድነው ከፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ነው። ይህች ሠዓሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቴሬዚን በተባለው የናዚ ካምፕ ታስራ ሳለ፣ እዚያ ለታጎሩ ልጆች በድብቅ ሥዕል ታስተምር ነበር፤ ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉም ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 ኦሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። በሁለት ሻንጣ የተቀመጡ ወደ 4,500 የሚሆኑ ሥዕሎች ግን ተረፉ፤ ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ስም መጻፉ ምን ያህል ነገር እንደሆነ እዚያ ላይ ይታያል።

እኛ ታዲያ ስሙን ለልጅቷ ትተን ርዕሱን ራሳችን ሰጠነው። «ናፍቆት» የሚል ወረቀት ከሥዕሏ ሥር ለጠፍን። ባልደረባዬ ነው ያመጣው፤ እኔም ወደድኩት። ከስልኩ ታሪክ በኋላ እንኳ ወደድኩት፤ ሰው ቶሎ አይማርም።

በሁለተኛው ቀን አያትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሥዕሉ ፊት ቆማ ሳለ አንድ ደህና የለበሱ ሰው አጠገቧ ቀረቡ፤ ርዕሱን አነበቡ፤ ልጅቷን አዩ፤ የታጠፈ ብር በአያትየዋ እጅ አስጨበጧትና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ። ቀና ሰው ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። አያትየዋ ብሩን እጇ ላይ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ልጄን ለምን ገደላችኋት?» አለችኝ። «አለች እኮ። እኛ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ትናንት አርብ አውርተናታል።»

የምመልሰው አልነበረኝም። እሷ ራሷ የርዕሱን ወረቀት ከግድግዳው ነቅላ አራት ላይ አጠፈችና ከብሩ ጋር ሰጠችኝ። ሥዕሉን አልነካችውም። ልጅቷን «አንቺስ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት። ብዙ አላሰበችም፤ «አርብ» አለች። እኔ ጻፍኩት፣ እሷ ለጠፈችው። ብሩን ለቀለም መግዣ አዋልነው፤ ይህንንም ለአያትየዋ ነግሬያታለሁ።

ፍሪጁ

ወሬው ሪያድ ደረሰ። አያትየዋ ስለ ሥዕሉ ለእናትየዋ ነግራታለች፤ ግንባርና ሻሽ ብቻ ሆነሽ በአደባባይ ተሰቅለሽ ነበር ብላ። እናትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ዝም አለች። በሚቀጥለው አርብ መዳሟ ለአንድ ሌሊት ከቤት ውጭ ስለነበረች ዕድሉ ተገኘ። እናትየዋ ስልኩን ማዕድ ቤት ውስጥ ከአንድ ቆርቆሮ ጋር አስደግፋ አቆመችውና ወደ ኋላ ሄደች፤ ግድግዳው እስኪይዛት። እጇን ዘርግታ ዞር አለች፤ ሙሉዋን ይዩኝ ብላ ነው። አያትየዋ ይህን ስትነግረኝ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር።

እኔ ቅዳሜውን በጉጉት ነበር የጠበቅኩት። ልጅቷ መጣች፣ ወረቀት ወሰደች፣ ሣለች። ትልቅ ግራጫ ፍሪጅ፣ ረጅም መደርደሪያ፣ ምድጃ። ከፍሪጁ አጠገብ አንዲት ሴት አለች፤ አፍንጫ አላት፣ አፍ አላት፣ እግር አላት፣ ቁመቷ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

አሁን መጠየቅ ለምጃለሁ። «ደስ አለሽ?» አልኳት።

ቀለሙን በጣቷ እያሻሸች ትንሽ ቆየች። «ትንሽ ሆነች» አለች። «ራቀች። ድምፅዋም አይሰማም ነበር።»

የፍሪጁን ሥዕል አልወሰደችውም፤ እኔ ጋር አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ከበሩ ገብታ ትልቅ ወረቀት እንዳለ ጠየቀችኝ። አልነበረንም። አራት ወረቀት ሰጠኋት፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሁለት በሁለት አድርጋ በሙጫ አያያዘቻቸው፣ መጋጠሚያቸውን በመዳፏ ደጋግማ ጠፈጠፈችው። እስኪደርቅ አልጠበቀችም። ዓይኖቹን ከግርጌው ጠርዝ ጀመረቻቸው፤ አንዱ ዓይን ብቻ አንድ ሙሉ ወረቀት ሊይዝ ምንም አልቀረውም። ግንባሩን ስትቀባ ቡናማው አለቀ፤ ከጓደኛዋ ተበደረች። የቬንትሌተሩ አንድ ክንፍ ከወረቀቱ አልፎ የሲሚንቶው ወለል ላይ ደረሰ፤ እሷም አላቆመችም።